ሹራብ የለበሰው ዘበኛ

ሰርክአዲስ ልጅ የላትም። ውሻ አላት። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ መያዝ ለእሷ ከብዷት አያውቅም፤ የከበደው ለሰፈሩ ነው።

«ልጅሽ ደህና ነው?» ይሏታል፣ ጠዋት ወደ ሱቋ ስትሄድ።

«ልጅ የለኝም» ትላለች። «ውሻዬን ከሆነ የምትጠይቁት ደህና ነው። ሌሊቱን ሲጮህ ነው ያደረው፤ አልሰማችሁትም?»

ይስቃሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። በእኛ አገር ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ባል ያላገባች፣ ያልወለደች ሴት የሆነ ነገር ጎድሏት መታየት አለባት። ካልጎደላትም ፈልገው ያጎድሉባታል፤ ካጎደሉባት በኋላ ደግሞ አዝነው ይሞሉላታል። መሙያው እንግዲህ ውሻው ሆነ። ሰርክአዲስ ያላገባችው ስላላገባች ነው። ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር የሚፈልግ ሰው ሌላ ቤት ሄዶ ይፈልግ።

የምትኖረው ከውቤ በረሃ ጀርባ፣ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ነው። ፒያሳ ላይ ደግሞ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር አዝራር፣ ክር፣ ዚፕና ገበር የምትሸጥባት መዳፍ የምታህል ሱቅ አለቻት፤ የአራዳ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃታል።

ውሻውን ያገኘችው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ነው። ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ወደየደረሰው ቦታ ሄደ። ቤቱ ፈረሰ፣ አጥሩ ፈረሰ፣ በሩም ተነቅሎ ተጫነ። አንድ ቡናማ ውሻ ብቻ በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከኋላው ቤት የለም፣ ከጎኑ አጥር የለም፤ እሱ ግን ሰው ባለፈ ቁጥር ተነስቶ ይጮሃል። በግራም በቀኝም እንደልቡ ማለፍ የሚችለውን መንገደኛ፣ በሌለው በር አላስገባም ይላል። ሰርክአዲስ ቆማ አየችው። ሆዷ ባባ፤ ከሆዷ በላይ ግን አክብሮት ተሰማት። «ይኼ ሥራውን የሚያውቅ ነው» አለች። ከሉካንዳ አጥንት አምጥታ አባበለችው፣ በገመድ እየሳበች ወሰደችው።

ስም ለማውጣት ብዙ አላሰበችም። ድሮ ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለውሻው ብሎ አልነበረም፤ ለጎረቤት፣ ለባላንጣ፣ ለአማት ብሎ ነው። ደጅ ቆሞ ውሻውን የሚጣራ ሰው የልቡን ተናግሮ ይገባል፤ ማንም «ሰደብከኝ» ብሎ ዳኛ ፊት አያቆመውም። የሰርክአዲስ አባትም እንዲህ የሚናገሩ ውሾች ነበሯቸው። እሷም የሷን «ምንጎደለኝ» አለችው። ጠዋትና ማታ በሯ ላይ ቆማ ትጣራለች፤ ውሻው ይመጣል፣ ሰፈሩም ይሰማል። ይሰማል እንጂ አይገባውም።

ምንጎደለኝ ከቤት አይገባም። በሩ አጠገብ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ የቆርቆሮ ቤት አለው። ከገበታ የተረፈውን ይበላል፤ በፍስክ አጥንት ይቆረጥማል፣ በጾም ሽሮ የነካው እንጀራ ይደርሰዋል። የእብድ ውሻ ክትባቱን ሰርክአዲስ አስታውሳ ታስወጋዋለች፤ ቁንጫ ሲይዘው በገዛ እጇ ታጥበዋለች። ስታልፍ አናቱን መታ መታ ታደርገዋለች፤ እሱም ያችን ይዞ ይውላል። ሥራው ደግሞ አንድ ነው። በር ባንኳኳ ሰው ሁሉ ላይ ይጮሃል። ዘመድ ይሁን ባዕድ፣ ቆጣሪ አንባቢ ይሁን የነፍስ አባት፣ አይመርጥም። እሷ ወጥታ «በቃ» እስክትለው ድረስ አያቆምም። ቁልፍ ይዞ ራሱ ከፍቶ ለሚገባ ግን ጭራውን ይቆላል፤ ቁልፍ ያለው የቤት ሰው ነው። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሰርክአዲስና የወንድሟ ልጅ ማክዳ።

ማክዳን ያሳደገቻት ሰርክአዲስ ናት። ወንድሟ እምሩ ሚስቱ ስትሞትበት ሕፃኗን አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠና፣ ወደ ሥራው ወደ ክፍለ ሀገር ተመለሰ። ስለዚህ ማክዳ «እትዬ» ትበላት እንጂ «አንቺ» ነው የምትላት። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ቢሮ ትሠራለች፤ አምስት ኪሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ልቧ ለስላሳ ነው። ጣጣውን ሁሉ ያመጣውም ይኸው ልስላሴዋ ነው።

«እትዬ፣ በዚህ ብርድ ልጅሽን ውጭ ታሳድሪዋለሽ?»

«ፀጉር አብቅሏል እኮ። ለምን ያበቀለው ይመስልሻል?»

«ለምንስ ታስጾሚዋለሽ? እሱ ኃጢአት የለበትም።»

«ቅባቱ የቀረበት እኔ ቤት ቅባት ስለሌለ ነው። የተገኘውን ነው የሚበላው።»

የእናቶች ቀን ሲከበር ማክዳ ኬክ ይዛ መጣች፤ ላዩ ላይ በክሬም «ለምንጎደለኝ እናት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰርክአዲስ ጽሑፉን አነበበች፣ ቢላዋ አነሳች፣ ከመሀል ሰንጥቃ ለጎረቤት አደለችው። «የምንጎደለኝ እናት ዶሮ ማነቂያ የነበረች ውሻ ናት» አለች። «አድራሻዋን አላውቀውም እንጂ ኬኩን እልክላት ነበር።» ማክዳ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። አክስቷ ሐዘኗን የምትደብቅ መሰላት። የማክዳ ስህተት ከዚህ ይጀምራል።

ሰኔ ላይ ሰርክአዲስ ከጽዋ ማኅበሯ ጋር ለሳምንት ደብረ ሊባኖስ ሄደች። ስትሄድ ማክዳን «ለውሻው ውሃና እህል አስቀምጪለት» ብላት ነበር። ስትመለስ ፀሐይና የመኪና መንገድ ራሷን ሊፈልጡት ደርሰዋል፤ ስልኳም ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። በሩ ጋ ደረሰች። ቁልፏን ፈልጋ በሩን ስትከፍት፣ ከውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። የቆርቆሮው ቤት ባዶ ነው።

ተጣራች። ወጥታ እስከ ሉካንዳው ሄዳ ጠየቀች፣ ቱቦውን አየች፣ የቆሻሻ ገንዳውን አየች። የለም። ተመልሳ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና፣ በሩን ክፍት እንደተወችው ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ራሷን አሟት ነው። ደግሞም አዝናለች፤ ለምን ይዋሻል። ውሻው መኪና ገጭቶት የሆነ ቦታ ወድቆ ይሆናል ብላ ልቧ ተሰብሮ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ምብራት በበሩ አለፈች። ምብራት ከዓዲግራት በልጅነቷ መጥታ ዕድሜዋን እዚሁ የጨረሰች፣ ከሁሉ ሰው በፊት ለቅሶ የምትደርስ፣ ከሁሉ ሰው በኋላ የምትነሳ ጎረቤት ናት። ራሷ የታሰረ፣ እጇ በራሷ ላይ የሆነ፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጠች ሴት አየች። ወዲያው ባዶውን የውሻ ቤት አየች። «ዋይ አነ» አለችና ምንም ሳትጠይቅ ዞራ ሄደች።

ብዙም አልቆየ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው በበሩ ገቡ። ከኋላቸው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዘርዓብሩክ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ምብራት በሳህን ንፍሮ ይዛለች።

ሰርክአዲስ ደሟ ቀጥ አለ። እንዲህ ሆነው በበር የሚገቡ ጎረቤቶች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ አበሻ የለም። መርዶ ነው። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፤ ጉልበቷ አልያዛትም።

«ማን ነው?» አለች። «እምሩ ነው?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ይበልጥ ደፉ።

«ማክዳ ናት? ልጄ ምን ሆነችብኝ? ተናገሩ እንጂ።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምብራት ቀረብ ብላ ክንዷን ያዘቻት። «አይዞሽ ሰርኬ፤ እግዜር ያጽናሽ። ሁላችንም ነው ያዘንነው። ልጅሽ... ምንጎደለኝ...»

ሌላዋ ሴት ከልማድ «ነፍስ ይ...» ብላ ጀመረችና፣ የውሻ ነፍስ ወዴት እንደሚማር ስለጠፋት በሳል ሸፈነችው። ጋሽ ዘርዓብሩክ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወይዘሪት ሰርክአዲስ፣ የእድራችን ደንብ ስለ እንስሳ የሚለው ነገር የለም። ድንኳን መትከል አንችልም። አግዳሚ ወንበሩን ግን በራሴ ኃላፊነት ፈቅጃለሁ።»

ሰርክአዲስ መጀመሪያ ትንፋሿን መለሰች። ማክዳ አለች። እምሩ አለ። ከዚያ ቁጣው ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ራሷ ድረስ ወጣ።

«ለውሻ ነው?» አለች። «ልቤን ቀጥ ያደረጋችሁት ለውሻ ነው?»

«እኛማ እንደ ልጅሽ ስለሆነ...»

«እንደ ልጄ አይደለም። እንደ ልጅ ማለት አሁን የሆንኩት ነው። አያችሁኝ አይደል? ማክዳ ሞተች ብዬ ስደነግጥ ጉልበቴ ሲከዳኝ አያችሁ? ልጅ ማለት እሱ ነው። ውሻዬ ጠፍቶብኛል፤ አዝኛለሁ፤ ላገኘው እፈልጋለሁ። ያዘንኩት ግን ለውሻ የሚታዘነውን ያህል ነው፤ እሱም ትንሽ አይደለም። ለቅሶ የሰው ነው። ነጠላችሁን አስተካክሉ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምብራት ንፍሮውን ይዛ ልትወጣ ስትል ሰርክአዲስ ሳህኑን ተቀበለቻት። «ይኼን ግን ተይው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም» አለች።

ጋሽ ዘርዓብሩክ ሰው ሳይሞት በተበተነ ለቅሶ ላይ ዳኛ ምን እንደሚል ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ምብራት በበኩሏ ማፈሯን ለመሸፈን ስልኳን አውጥታ መነካካት ያዘች። ድንገት ቀና አለች።

«ሰርኬ፣ የጠፋ ውሻ ሹራብ ይለብሳል እንዴ?»

ስልኩ ላይ ምንጎደለኝ አለ። ነጭ ሶፋ ላይ፣ ቢጫ ሹራብ ለብሶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ። ከሥሩ ማክዳ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ልጃችን በመጨረሻ ሞቅ ያለ ቤት አገኘ። ቀጥሎ እናቱ።»

ጋሽ ዘርዓብሩክ አጎንብሰው አዩ። ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ መልሰው ደፉና «እንግዲያው የእድሩ ሥራ እዚህ ላይ አልቋል» አሉ።

ሰርክአዲስ ንፍሮውን ቆማ በላች፤ ታክሲ ይዛ አምስት ኪሎ ወረደች። አራተኛው ፎቅ ላይ በሩ ፊት ቆማ ደወሉን ተጫነች። አንድ ጊዜ ጠበቀች፤ ደግማ ተጫነች። ደወሉ ከውስጥ ጠራ፤ የሰው እግር ተሰማ። ውሻ ግን አልጮኸም። ይኼ ነው የወጋት። ውሻው የገዛ እመቤቱ በር ላይ ቆማ ስታንኳኳ ዝም አለ፤ ያውም ያኛው፣ የሌለ በር ሲጠብቅ ያገኘችው።

ማክዳ ከፈተች። «እትዬ! መጣሽ? ስደውልልሽ እኮ ስልክሽ ዝግ ነው። ግቢ፣ ግቢ፣ ጫማሽን እዚህ አውልቂ።»

ምንጎደለኝ ሶፋው ላይ ነበር። ሲያያት ጭራው ከሹራቡ ሥር ተወዛወዘ፤ ሊወርድ እግሩን አነሳ። ወዲያው ግን ቆመና ማክዳን አያት። ፈቃድ ጠየቀ። ማክዳ «ና ቤቢ፣ ማሚ መጣች» ስትለው ነው የወረደው። ጥፍሮቹ ተቆርጠዋል፤ በልስልሱ ወለል ላይ እግሩ እየተንሸራተተ መጣ። የሕፃን ሳሙና ይሸታል።

«እንዴት ነው የያዝሽው?» አለች ሰርክአዲስ። ለመቀመጥ አልፈለገችም።

«በጣም ጎበዝ ልጅ ሆኗል። መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ ጎረቤት ሲቆጣ ግን በጮኸ ቁጥር እቅፍ እያደረግሁ፣ ዶሮ እያጎረስኩ አስተውኩት። አሁን ጭራሽ አይጮህም። አየሽ፣ ፍቅር ብቻ ነበር የጎደለው።»

«እሱ የጎደለው ነገር አልነበረም።»

«እትዬ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተቆጪ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ።» ማክዳ እጇን ይዛ በኮሪደሩ ወሰደቻትና አንድ በር ከፈተች። «ክፍልሽ ነው።»

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። አልጋው ዝቅ ያለ ነው፣ እንዳትወድቅ። ወለሉ ላይ ጎማ ተነጥፏል፣ እንዳታንሸራትት። መስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ትራስ። ማክዳ ቶሎ ቶሎ ታስረዳለች። ሠራተኛዋ ምግብ ታቀርብላታለች፤ ጋዝ መንካት የለም። ሱቁ ይከራያል፤ ከእንግዲህ ያንን ዳገት መውረድ መውጣት ምን ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን እሷው በመኪና ታደርሳታለች፤ ብቻዋን አትወጣም። የውቤ በረሃው ቤት ደግሞ ያረጀ ነው፤ አባቷ እምሩም በዚህ ተስማምቷል።

«አባትሽም ተስማምቷል?»

«ለአንቺ አስበን ነው። ውሻውን ካመጣሁት አንቺም መከተልሽ አይቀርም ብዬ... እሱን ትተሽ እንደማትቀሪ አውቃለሁ። እዚህ ሆናችሁ እኔ እንከባከባችኋለሁ። ሁለታችሁንም።»

ሰርክአዲስ ወንበሩን አየችው። ራሷንም እዚያ ላይ ተቀምጣ አየች፤ ታጥባ፣ ተበጥራ፣ ጎርሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ሰው በር ሲያንኳኳ ማክዳን ቀና ብላ ስታይ። ፈራች። እንዲህ አድርጎ ያስፈራት ነገር ከዚህ ቀደም አልነበረም፤ የሚያስፈራው ደግሞ ሁሉም ነገር የተደረገው በፍቅር መሆኑ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ገፍተሽው ትሄጃለሽ፤ የሚወድሽን ሰው በምን ትገፊዋለሽ?

ማክዳ ቁምሳጥኑን ከፍታ ሹራብ አወጣች። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ አዝራሩ ከቀንድ የተሠራ። ቆንጆ ነበር። አዝራር የሚያውቅ ዓይን አይዋሽም።

«ይኼ ለእኔ ነው?»

«ለአንቺ ነው። በፌስታል ላድርግልሽ ወይስ አሁን ትለብሺዋለሽ?»

ሰርክአዲስ ተቀብላ ለበሰችው። አዝራሩን አንድ በአንድ ቆለፈች። «ይኼን እወስደዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ብርድ ይበርደኛል፤ ሰው ነኝ። የሱን ግን አውልቂለት።»

«እትዬ...»

«ስሚ ማክዳ። ልጅ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ አንቺን ይዣለሁ። ትኩሳት ሲይዝሽ ሌሊቱን በጀርባዬ አዝዬሽ ዞሬያለሁ፤ ስታጠፊ ቆንጥጬሻለሁ፤ ስታድጊ ደግሞ ለቅቄሻለሁ። ልጅ የሚያዘው እንዲያድግና እንዲሄድ ነው። ይኼ ውሻ ነው። ውሻ አድጎ የትም አይሄድም፤ የተሰጠችው ሥራው ናት። እሷን ነጠቅሽው። ዶሮ አጉርሰሽ ድምፁን ገዛሽው። አሁን ደግሞ የእኔን ልትገዢ ነው።»

ማክዳ ማልቀስ ጀመረች። «ስለምወድሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም እወድሻለሁ። ቁልፌን።»

«ምን?»

«የግቢዬን ቁልፍ። አምጪው።»

ማክዳ ቦርሳዋን ፈልጋ ቁልፉን እያለቀሰች ሰጠቻት። ሰርክአዲስ ተቀበለች። ቢጫውን ሹራብ ራሷ አውልቃ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ ከሻሿ ገመድ ሠርታ ውሻውን አሰረችና ደረጃውን ይዛው ወረደች።

ታክሲ ውሻ አይጭንም፤ በእግሯ ሄደች። በአፍንጮ በር ቁልቁል ወርዳ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ተሻግራ፣ ሰባ ደረጃን እያረፈች ወጣች። ምንጎደለኝ መጀመሪያ ላይ አስፋልቱ እንዳቃጠለው ሁሉ እግሩን እያነሳ ይሄድ ነበር፤ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፣ ተሸክማው እንድታልፍ ይጠብቃል። አልተሸከመችውም። ገመዱን ይዛ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች፤ ሲሰለቸው ይሻገራል። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው ጫት የሚቅሙ ልጆች ሽታው ደረሳቸው።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሻወር ወስዶ ነው እንዴ? ፒያሳን እኮ ሽቶ በሽቶ አደረጋት» አለ አንዱ።

«ልጅ የለኝም፤ ይኼ ውሻ ነው» አለች ሳትቆም። «ልጅ ማየት ካማረህ ቤትህ ግባ፤ እናትህም ካየችህ ቆይታለች።»

«ተበላህ» አሉት ጓደኞቹ። እሱም ሳቀ።

ቤት ሲደርሱ ምንጎደለኝ ወደ ቤት ውስጥ ሊገባ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰርክአዲስ በሩን ዘጋችበት። እንጀራ በሽሮ አድርጋ ቆርቆሮ ቤቱ አጠገብ አስቀመጠችለት፤ አሸተተውና እጇን አየ። እንድታጎርሰው ነው። ጥላው ገባች። በዚያ ቀን አልበላም፤ በማግሥቱ ተርቦ ግማሹን በላ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳህኑን እየላሰ ይጨርስ ጀመር። መብላቱስ ተመለሰ። ድምፁ ነው ያልተመለሰው።

ምብራት መጥታ አንኳኳች፤ ዝም አለ። ቆጣሪ አንባቢው መጣ፤ ተነስቶ በሩን አየና መልሶ ተኛ። ማታ የሰፈሩ ውሾች ሲንጫጩ ጆሮውን ብቻ ያቆማል። «ተበላሽቷል ሰርኬ» አለቻት ምብራት፣ በሩ ሲከፈትላት ገብታ። «እንዲህ የለመደ አይመለስም። ከሚሰቃይ ለልጅቷ መልሺላት። አንቺም ብትሆኚ እኮ... ቤቱ ያምራል ሲሉ ሰማሁ። ደክሞሻል።»

«ማን ነው ደክሞሻል ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። እንዲያው ነው።»

ሰርክአዲስ ሱቋ ውላ ስትመለስ ግን ይኼንኑ ታስባለች። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ፤ የሷ ውሻ በልቶ ዝም አለ። ምናልባት እነሱ ትክክል ይሆኑ? ይኼ ውሻ በጥቂት ቀን ሶፋ ውሻነቱን ከረሳ፣ እሷስ በዚያ ወንበር ላይ ስንት ቀን ራሷን ሆና ትቆያለች? ክረምቱ ሲገባ ጉልበቷን ይቆረጥማታል፤ ዳገቱም እውነት ነው ከብዷታል። ወንድሟም ደውሎ በልምምጥ «እስቲ አስቢበት» ብሏታል። ውሻውን አየችው። ይጩህ አይጩህ የሚለው የሱ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ታውቃለች። እሱ ካልተመለሰ እሷን የሚያምናት የለም፤ እሷም ራሷን አታምንም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ልትለምነው ዳዳት። ልታቅፈውም ፈለገች፤ እንዲህ ያለ ፍላጎት ከዚህ በፊት መጥቶባት አያውቅም። አናቱን መታ መታ አደረገችና ገባች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የሐምሌ ዝናብ የፒያሳን ቆርቆሮ እየደበደበ ነው፤ ሰርክአዲስ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ ከሱቅ የተረፈ አዝራር በየመጠኑ ትለያለች። የግቢው በር ተንኳኳ። እጇን ከአዝራሩ ላይ አንስታ ጠበቀች። ምንም የለም። ዝናቡ ብቻ ነው። በሩ ደግሞ ተንኳኳ፤ አሁን ጠንከር ብሎ።

መጀመሪያ የተሰማው ማጉረምረም ነው፤ ዝገት የያዘው ማጠፊያ ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት። ቀጥሎ አንድ ጩኸት፣ ጎርናና፣ ግማሹ ሳል የሆነ። ከዚያ ለቀቀው። ከቆርቆሮ ቤቱ ዘሎ ወጣ፤ በዝናቡ ውስጥ፣ እግሩን ጭቃ ላይ ተክሎ፣ የአንገቱን ፀጉር አቁሞ በሩ ላይ ጮኸ። ግቢው አስተጋባ። ማዶ የምብራት መስኮት ተከፈተ።

ሰርክአዲስ አለቀሰች። ዕንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ማክዳ ከውጭ። «ክፈቺልኝ፣ ዝናቡ ጨረሰኝ እኮ። ምንጎደለኝ፣ ቤቢ፣ እኔ ነኝ።»

ምንጎደለኝ ቤቢ የሚባል ሰው አያውቅም። ይባስ ብሎ ጮኸ።

«በቃ በይልኝ እንጂ እትዬ።»

ሰርክአዲስ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አሳረፈች። በሩ ሥር ባለው ክፍተት የማክዳ ጫማ ይታያል፤ ጭቃ ነክቶታል። ልጅቷ መጥታለች፤ ሳትጠራ፣ ቁልፍ ሳይኖራት፣ አንኳኩታ። ልትገባ ነው፤ ሻይ ልትጠጣ ነው፤ ስለ ወንበሩም ስለ መስኮቱም ዳግመኛ ማውራት ከፈለገች ታውራ፣ ትሰማታለች። «በቃ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ቆዪ ማክዳ» አለች። «ሥራ ላይ ነው። ሲጨርስ እከፍትልሻለሁ።»

ምንጎደለኝም አልቸኮለም።